ሃያ ሰከንድ

አቶ ጆቴ መርዳሳ ማክሰኞ ረፋድ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ራሳቸው ካቋቋሙት የሕፃናት ማዕከል ጣራ ወድቀው ሞቱ። ኢንስፔክተር ሑስና ጃዕፈር አዳማ ፍራንኮ ሰፈር ወደሚገኘው ወደዚያ ሕንፃ ስትደርስ አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሬሳው በአንሶላ ተሸፍኗል። ነፋሱ እንዳይገልጠው ዘበኛው በአራቱም ማዕዘን ድንጋይ አስቀምጠውበታል።

ሑስና ተንበርክካ አንሶላውን ገለጠች። ሟቹ ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ ከሲታ ሰው ነበሩ። በግራ እግራቸው የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ አለ፤ ቀኙ ባዶ ነው። በአፍንጫቸው ግራና ቀኝ መነጽር ለዓመታት ያረፈበት ምልክት ይታያል፤ መነጽሩ ግን የለም።

«መነጽራቸው የት አለ?»

«አላየሁም» አሉ ዘበኛው ጋሽ ሆራ። ዓይናቸው ቀልቷል። «ራቅ ያለ ነገር ለማየት ነው የሚያደርጉት። አጠገባቸው ያለ ሰው ሲያናግሩ ያወልቁታል።»

ሑስና ረዳቷን ሳጅን ነጋሳን አስከትላ ወደ ጣራው ወጣች። በሕንፃው ውስጥ ማንም የውጭ ጫማ አያደርግም፤ በነጠላ ጫማ ወይም በካልሲ መሄድ የማዕከሉ ደንብ ነው። ጫማዎች ሁሉ መግቢያው ላይ ተደርድረዋል። ሁለቱም ጫማቸውን አውልቀው ደረጃውን ያዙ።

ጣራው ላይ አንድ ጥቁር የውኃ ታንከር ቆሟል። ዙሪያው በግንብ የታጠረ ሲሆን ግንቡ የሑስናን ወገብ ይደርሳል። የሟቹ አንድ ነጠላ ጫማ ግንቡ ሥር ተገልብጦ ወድቋል። መነጽሩም ተገኘ፤ በታንከሩ ክዳን ላይ በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል።

«ወገብ የሚደርስ ግንብ ላይ ሰው አንሸራትቶት አይወድቅም» አለ ነጋሳ።

«አይወድቅም። መነጽሩንም ያወለቁት ሰው እያናገሩ ስለነበር ነው። የሚያውቁት ሰው ነው፤ አጠገባቸው የቆመ።»

ከታንከሩ ሥር ክንድ የሚያህል ቦታ በአዲስ ሲሚንቶ ተለጥፏል። ልጥፉ ገና ስላልደረቀ መሐሉ ላይ አንድ ሰው ረግጦት አንሸራትቶታል። የጫማ ሶል ምልክት የለውም። ሑስና በጣቷ ነካ አድርጋ አየችውና ተነሣች።

«ማን ለጠፈው?»

ከኋላቸው ተከትለው የወጡት ጋሽ ሆራ መለሱ። «ራሳቸው ናቸው። ታንከሩ ያንጠባጥብ ስለነበር ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ለጠፉት። ውኃ ተራችን በሆነ ቀን አራት ሰዓት ከሩብ ላይ መሙላቱን ለማየት ይወጣሉ። ይህን የማያውቅ የለም።»

«ሲወድቁ ውስጥ የነበረው ማን ነው?»

«አስተማሪዋ ዘርፉ፤ የሮቦቱ ሰውዬ ሰዓድ፤ ወይዘሮ ሀጂራ ከልጇ ጋር። ሌላ ሰው የለም። ዓብዱ የሚባል ወላጅ መጥቶ ሲጮህባቸው አስወጥቼ በሩን ቆለፍኩበት። እስካሁን ውጭ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጧል።»

ማዕከሉ ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ያስተምራል። ስሙ ከአዳማ አልፎ እስከ ባቱ የተሰማው ግን ባለፈው ዓመት በመጣችው ሮቦት ነው። ቢፍቱ ይሏታል። የአራት ዓመት ልጅ የምታህል፣ ነጭ፣ ዓይኖቿ የሚበሩ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም የምትናገር ናት። ሰው ፊት ቀና የማይሉ ልጆች ፊቷ ተቀምጠው ቀለም ይለያሉ፣ ስማቸውን ይናገራሉ ስለተባለ፣ ይህን በዓይናቸው ለማየት ዓርብ ዕለት ከአዲስ አበባ እንግዶች ሊመጡ ቀጠሮ ይዘዋል።

ሑስና አንደኛ ፎቅ ላይ ወዳለው የቢፍቱ ክፍል ገባች። ምንጣፉ ላይ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ የፕላስቲክ ቀለበቶች ተበትነዋል። አንዱ ግድግዳ ሰፊ መስተዋት ነው። ከክፍሉ ሲታይ መስተዋት ይመስላል እንጂ፣ ከኋላው ካለው ጠባብ መቆጣጠሪያ ክፍል ሆኖ ለሚያይ ሰው ተራ መስኮት ነው። ቢፍቱ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ቆማለች፤ ፊቷ ወደ ግድግዳ ዞሯል።

ሀጂራ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። የስምንት ዓመቷ ሱሃይላ ከእናቷ ኋላ ተሸጉጣ በሁለት መዳፎቿ ጆሮዋን ይዛለች። ሑስና ወደ ልጅቷ አልቀረበችም። ከበሩ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ እህቴ።»

«ወዓለይኩሙ ሰላም።»

«ሮቦቷን ማን አዞራት?»

ሀጂራ አንገቷን ደፋች። «ልጄ ናት። እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ከቡልቡላ ይዣት የምመጣው እኮ ለዚህች ለቢፍቱ ነው። እኔን ሳታይ እሷን ታያለች። ዛሬ ግን ገና አራት ሰዓት ላይ ሲጀመር ጆሮዋን ያዘች። ቆይታ ተነሥታ አዞረቻት። ዓርብ እንግዶች ፊት የምትቀርበው እሷ ስለሆነች አፈርኩ።»

«ስትዞር ቢፍቱ ዝም አለች?»

«መናገሯን ቀጠለች። እየተናገረች ሳለ ነው ውጭ የሆነ ነገር ዱብ ያለው። ወዲያው ጋሽ ሆራ ጮኹ። ልጄ ስለተረበሸች ቶሎ አልወጣሁም። ስወጣ ሰዓድን ኮሪደሩ ላይ አገኘሁት፤ ዘርፉም ከላይ እየሮጠች ወረደች።»

ሑስና ወንበሩ ላይ በመጽሐፍ ተደግፎ የቆመውን ስልክ አየች። «ትቀርጺያታለሽ?»

«ሁልጊዜ። ባሌ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። ለእሱ ነው የምልክለት።»

«የዛሬው አለ?»

«የስድስት ወሩም አለ።»

«ስልኩን ለጥቂት ቀን ታውሺኛለሽ?»

ሀጂራ ስልኩን አንሥታ ሰጠቻት። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሱሃይላ መዳፎቿን ከጆሮዋ አላነሣችም።

የዘርፉ ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ወደ ጣራው ከሚወስደው ደረጃ ሥር ነው። ዘርፉ አርባ ዓመት አልፏታል። የንግግር አስተማሪ ናት፤ ከአቶ ጆቴ ጋር ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ጠረጴዛዋ ላይ ሥዕል ያለባቸው ካርዶች ተደርድረዋል።

«ከእሳቸው ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል» አለች ሑስና።

«አልተሳሳቱም። ልጆቹን ለማሽን አንስጥ ብዬ ተከራክሬያለሁ። ሁለት ወር ከሰላምታ በቀር ተነጋግረን አናውቅም።»

«አቶ ጆቴ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ የወላጆች ስብሰባ ጠርተው እንደነበር ጋሽ ሆራ ነግረውኛል።»

«መልእክቱ ለእኔም ደርሶኛል። 'ስለ ሮቦቷ የምነግራችሁ አለ' ነው የሚለው። እኔን ሊያሰናብቱኝ መስሎኝ ነበር።»

«አራት ሰዓት ከሃያ ላይ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ማንም አላየኝም። ማንን እንደሚጠረጥሩ ይገባኛል።»

«ወደ ጣራ ሰው ሲወጣ ሰምተዋል?»

«ጋሽ ጆቴን ሰምቻለሁ። ነጠላ ጫማቸው ያጨበጭባል። ከእሳቸው ሌላ የማንንም ኮቴ አልሰማሁም።»

ሑስና የዘርፉን እግር አየች። እሷም የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ አድርጋለች፤ ንጹሕና ደረቅ ነው።

«ሰሞኑን ከወትሮው የተለየ ምን አዩባቸው?»

ዘርፉ አሰበች። «ትናንት በምሳ ሰዓት ቢፍቱ ፊት ብቻቸውን ተቀምጠው አየኋቸው። በኦሮምኛ ሰላም ይሏታል። 'አካም ጂርታ፣ ቢፍቱ' ይላሉ፤ ደግመው ይላሉ። ዓይኗ ይበራል፣ መልስ ግን የለም። ሰዓድ ምሳ ወጥቶ ነበር። ተበላሽታ ይሆናል ብዬ አለፍኩ። ስመለስ ያው ቦታ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ልክ አልነበረም።»

ሑስና ይህን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ዓብዱ ከዱከም ፋብሪካዎች ሠራተኛ የሚያመላልስ ባለ ሚኒባስ ነው። መሪውን ይዞ እንደተቀመጠ ነው ያናገራት።

«ጮኽኩባቸው፤ አልክድም። ልጄ ሮቦቷን ፈርታ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። 'ትለምዳለች' አሉኝ። ዛሬ ግን አልተቆጡኝም። 'እስከ ስድስት ሰዓት ታገሠኝ፤ ይቅርታ የምጠይቅህ እኔ ነኝ' አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ ነው የጠበቅኩት።»

«ይቅርታ አሉ?»

«በዚሁ ቃል።»

በመጨረሻ ሰዓድ ተጠራ። የሃያ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነው፤ ፀጉሩ የተበጠረ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ። ግቢው ውስጥ ከሬሳው አጠገብ ቆይቶ ስለመጣ ጫማውን አድርጓል። ጫማው ጥቁር የቆዳ ጫማ ነው። ሲቀመጥ ሱሪው ከፍ አለና ባዶ ቁርጭምጭሚቱ ታየ። ካልሲ አላደረገም።

«ቢፍቱን የሠራሃት አንተ ነህ?»

«አካሏ ከውጭ ተገዝቶ መጣ። አእምሮዋ የእኔ ሥራ ነው።»

«አራት ሰዓት ከሃያ ላይ የት ነበርክ?»

«መቆጣጠሪያ ክፍል።»

«እዚያ ምን ትሠራለህ? በራሷ አስባ ነው የምትናገረው አይደል የሚባለው?»

ሰዓድ በሩ መዘጋቱን አየ። ነጋሳ ብዕሩን አነሣ።

«ኢንስፔክተር፣ እውነቱን ብናገር ሥራዬ ያበቃል።»

«ባትናገር የት እንደነበርክ የሚመሰክርልህ የለም።»

ሰዓድ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጣመረ። «ቢፍቱ አታስብም። እኔ ነኝ የምናገረው። በመስተዋቱ ልጆቹን አያለሁ፣ ኪቦርድ ላይ እጽፋለሁ፣ እሷ ታነበዋለች። እያንዳንዷ ቃል የእኔ ናት። አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ቢፍቱ ስትናገር ሀጂራ ሰምታለች። ስለዚህ እኔ ወንበሬ ላይ ነበርኩ።»

«አቶ ጆቴ ያውቁ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ። አብረን ነው የወሰንነው።»

«ሱሃይላ ዛሬ እንዴት ነበረች?»

«ደህና ነበረች። ቀለሞቹን ለይታለች።»

ሑስና አመስግናው ሸኘችው። በሩ ሲዘጋ ነጋሳ ወደ እሷ ዞረ።

«ዱጋ ነው፤ እውነቱን ነው የተናገረው። ሰው እንዲህ ራሱን አዋርዶ አይዋሽም። ሮቦቷ የምትናገረው በእሱ እጅ ከሆነ፣ ስትናገር እዚያ ነበረ ማለት ነው። የቀረችን ዘርፉ ናት።»

«ማጭበርበሩን በተመለከተ እውነቱን ተናግሯል» አለች ሑስና። «ትንሹን ጥፋት እያመነ ትልቁን የሚሸፍን ሰው አጋጥሞህ አያውቅም?»

«ልጅቷ ደህና ነበረች ያለው…»

«እሱንም ሰምቼዋለሁ። ሂድና መቆጣጠሪያውን ክፍል ፈትሽ። ሮቦቷ የምትቀመጥበትን ሻንጣ ውስጡ ያለውን ስፖንጅ ሳይቀር አንሣው። የምትፈልገው ካልሲ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሑስና ጣቢያ ቢሮዋን ዘግታ የሀጂራን ስልክ ከፈተች። ካለፉት ሳምንታት አሥር ቪዲዮ መረጠች። ከዚያም የራሷን ስልክ ሰከንድ መቁጠሪያ ይዛ እያንዳንዱን ተመለከተች። ድምፁን ቀነሰች፣ ጨመረች፣ ወደ ኋላ መለሰች። ወረቀቷ በቁጥር ሞላ። የማክሰኞውን ቪዲዮ ስትጨርስ ብዕሯን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ መስኮቱን ስታይ ቆየች። ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ ለሁሉም ስትናገር ነበር።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ቢፍቱ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ሱሃይላ ከአክስቷ ጋር ቤት ቀርታለች። ዓብዱ ክንዶቹን አጣምሮ በሩ አጠገብ ቆሟል። ዘርፉና ሀጂራ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሰዓድ መስተዋቱን ተደግፏል። ጋሽ ሆራ ወንበር ቢሰጣቸው እምቢ ብለው ቆሙ። ነጋሳ ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ ከሰዓድ አጠገብ ሆነ።

«አቶ ጆቴ ተገፍተው ነው የሞቱት» ብላ ጀመረች ሑስና። «የገፋቸው ሰው አጠገባቸው ቆሞ ሲያናግራቸው ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ክዳኑ ላይ ያስቀመጡት ለዚያ ነው። በሩ ተቆልፎ ነበር፤ ዓብዱ ውጭ፣ ጋሽ ሆራ ግቢ ውስጥ ነበሩ። ሀጂራ እዚህ ክፍል ውስጥ ነበረች፤ የቀረጸችው ቪዲዮ ላይ ድምጿ ይሰማል። የሚቀሩት ዘርፉና ሰዓድ ናቸው።»

ዘርፉ አንገቷን አላነሣችም።

«ለዘርፉ የሚመሰክር ሰው የለም። ሰዓድ ግን ምስክር አለው። ቢፍቱ ናት ምስክሩ። ትናንት አንድ ነገር ነግሮኛል። ለሁላችሁም መንገር አለብኝ። ቢፍቱ በራሷ አታስብም። ከዚህ መስተዋት ኋላ ተቀምጦ የሚናገረው ሰዓድ ነው።»

ሀጂራ ቀና አለች። ዓብዱ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረበ፤ ነጋሳ በእጁ አስቆመው።

«እንግዲህ ቪዲዮውን እንየው» አለች ሑስና። «ይህ ያለፈው ሳምንት ነው።»

በቴሌቪዥኑ ቢፍቱ ታየች። «ሱሃይላ፣ ቀዩን ቀለበት አምጪልኝ» አለች። ልጅቷ ቀለበቶቹን አየች፣ ጣቶቿን አጣጠፈች፣ ዘረጋች። ጊዜው ረዘመ። ልጅቷ ቀዩን አነሣች። ወዲያው ቢፍቱ «ጎበዝ» አለች።

«አርባ አንድ ሰከንድ ጠበቀቻት። ቀጥሎ ላለው ጥያቄ ሰባት ሰከንድ፤ ከዚያ ሠላሳ ሦስት። በአሥሩም ቪዲዮ ቁጥሩ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ልጅቷ የምትፈልገውን ያህል ነው። ከመስተዋቱ ኋላ የሚያያት ሰው ስላለ ነው። አሁን የማክሰኞውን እዩ።»

ቢፍቱ እንደገና ታየች። «ሱሃይላ፣ ቀዩን ቀለበት አምጪልኝ።» ልጅቷ ጣቶቿን አጣጠፈች፤ ገና አልዘረጋችም። «ጎበዝ ሱሃይላ፤ ቀዩን አነሣሽ። አሁን ቢጫውን።» ልጅቷ እጇ ባዶ እንደሆነ ደነገጠች። ጆሮዋን ያዘች። «ጎበዝ፤ ቢጫውን አነሣሽ።» ነጋሳ ቪዲዮውን ወደ አራት ሰዓት ከሃያ አሳለፈው። ልጅቷ ተነሥታ የቢፍቱን ትከሻ ይዛ ወደ ግድግዳ አዞረቻት። ቢፍቱ ለግድግዳው «ዓይኔን እያየሽ ስለሆነ ደስ ብሎኛል» አለች። ከውጭ ከባድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። የጋሽ ሆራ ጩኸት ተከተለ። ከጩኸቱ በላይ ቢፍቱ «አሁን ሰማያዊውን» አለች።

ነጋሳ ቪዲዮውን አቆመ። ጋሽ ሆራ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«ከአንዱ ንግግር እስከ ቀጣዩ ሃያ ሰከንድ ነው» አለች ሑስና። «በየትም ቦታ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሃያ ሰከንድ። ልጅቷ ብታነሣም ባታነሣም፣ ፊቷን ብታዞርም፣ ሰው ቢሞትም። ሰው እንዲህ አይጠብቅም። ማክሰኞ ዕለት ከመስተዋቱ ኋላ ማንም አልነበረም። ቢፍቱ በስድስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ተናገረች፤ ቀደም ብሎ የተጻፈላትን። ይህን ከሁላችን በፊት ያወቀችው ሱሃይላ ናት። እኛ ልጅቷ ረበሸች አልን እንጂ የነገረችንን አልሰማንም።»

ሀጂራ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ሰዓድ፣ ልጅቷ እንዴት ነበረች ስልህ ቀለሞቹን ለይታለች አልከኝ። የነገርከኝ ያየኸውን ሳይሆን የጻፍከውን ነው። አይተሃት ቢሆን ኖሮ ሮቦቷ ወደ ግድግዳ መዞሯን ታውቅ ነበር።»

«መስተዋቱ አንዳንዴ ያንጸባርቃል» አለ ሰዓድ።

«አቶ ጆቴም ያውቁ ነበር ብለኸኛል። አያውቁም ነበር። ሰኞ በምሳ ሰዓት፣ አንተ በሌለህበት ቢፍቱን ሰላም ሲሏት ዘርፉ አይታቸዋለች። ከኋላ ሰው እንዳለ የሚያውቅ ሰው ባዶ ዕቃ አያናግርም። ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ለዚህ ነው በማግስቱ ወላጆችን የጠሩት፤ ለዚህ ነው ዓብዱን ይቅርታ እጠይቅሃለሁ ያሉት። ስድስት ሰዓት ላይ ቢደርሱ ኖሮ ሁሉንም ይናገሩ ነበር።»

«እኔ ልገድላቸው…»

«አልጨረስኩም። ዘርፉ የሟቹን ነጠላ ጫማ ሰምታለች፤ የሌላ ሰው ኮቴ አልሰማችም። ሌላው ሰው በካልሲ ነበር የወጣው። ጠዋት ሁለት ሰዓት የተለጠፈውን ሲሚንቶ ረገጠ።» ሑስና ለነጋሳ ምልክት ሰጠችው። ነጋሳ ከፕላስቲክ ከረጢት አንድ ጥንድ ጥቁር ካልሲ አወጣ። የአንዱ ሶል ግራጫ ሆኖ ደርቋል። «ከቢፍቱ ሻንጣ ስፖንጅ ሥር ነው የተገኘው። ትናንት በቆዳ ጫማ ያለ ካልሲ የነበርከው አንተ ብቻ ነህ።»

ሰዓድ በመስተዋቱ ላይ ተንሸራትቶ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

«ያን ፕሮግራም የጻፍኩት ለዓርብ ነበር» አለ በመጨረሻ። «እንግዶቹ መቆጣጠሪያውን ክፍል እናያለን ብለዋል። ባዶ ሆኖ እንዲያገኙት ነው። ማክሰኞ ያስነሣኋት ግን የስብሰባው መልእክት ሲደርሰኝ ልለምናቸው ብዬ ነው። ብቻቸውን የሚገኙት ጣራ ላይ ብቻ ነው። እስከ ዓርብ ይቆዩ አልኳቸው። 'ለእነዚህ እናቶች አንድ ቀን ተጨማሪ አልዋሽም' አሉኝ። ክንዳቸውን ያዝኩ። ሊያስለቅቁኝ ታገሉ። ገፋኋቸው። ግንቡ ይይዛቸዋል ብዬ ነበር።»

«ይህን ፍርድ ቤት ያየዋል» አለች ሑስና። «ወርደህ ግን ሰው አልጠራህም። ካልሲህን ደበቅህ፤ ዘርፉ ስትጠረጠር ዝም አልክ።»

ሀጂራ ተነሣች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«ስድስት ወር ልጄን ሲያናግር የነበረው አንተ ነህ? አርባ ሰከንድ ሲጠብቃት የነበረው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ፊትህን አላሳየሃትም?»

ሰዓድ ወደ እሷ ማየት አልቻለም። «ለእኔ ማን ያጨበጭባል? ሰው ማየት የፈለገው የሚያስብ ማሽን ነው። ልጅ የሚታገሥ ሰውማ እዚህ ዘጠኝ ዓመት ነበር።» ይህን ሲል ዘርፉን አያት። ዘርፉ ካርዶቿን ሰብስባ ከክፍሉ ወጣች።

ነጋሳ ክንዱን ይዞ አስነሣው። ዓብዱ ከበሩ ገለል ብሎ አሳለፋቸው።

በሌላው ሳምንት ሐሙስ ሑስና ስልኩን ለሀጂራ ለመመለስ ወደ ማዕከሉ መጣች። ዘርፉና ሀጂራን ሱሃይላን መሐል አድርገው ምንጣፉ ላይ አገኘቻቸው። ጠረጴዛው ባዶ ነው፤ ቢፍቱ በማስረጃነት ተወስዳለች። ልጅቷ ከመጣች ጀምሮ ከጠረጴዛው ፊት አልተነሣችም።

«ምን ልበላት?» አለች ሀጂራ። «ተበላሽታለች ልበላት?»

«እኔ መርማሪ ነኝ» አለች ሑስና። «ልጅ የማሳደጉን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ሀጂራ ከልጇ ፊት ተንበረከከች። «ሱሃይላ፣ ቢፍቱ አትመጣም። ያናግርሽ የነበረው ሰው ነበር።»

ልጅቷ ጠረጴዛውን ማየቷን ቀጠለች። ዘርፉ ምንም አላለችም፤ ሀጂራም አልደገመችም። ከመንገድ የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማና አለፈ። ከዚያ ሱሃይላ ፊቷን ወደ እናቷ መለሰች።

«ማን?» አለች።

ሀጂራ መሬቱን በእጇ ያዘች። ልጇ ከተወለደች ጀምሮ ማንንም ምንም ጠይቃ አታውቅም።

«ሰዓድ ይባላል» አለች። «ሰው ጎድቷል። ስለዚህ አይመለስም።»

ልጅቷ ስሙን አንድ ጊዜ በሹክሹክታ ደገመችው። ዘርፉ ከመደርደሪያው የሱሃይላን ፋይል አወረደች፤ አዲስ ገጽ ገልጣ ቀኑን ጻፈች፤ ከቀኑም ሥር «ማን?» የምትለዋን አንዲት ቃል።